አባባ፣ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት አንባቢ ስልክ ደወለችልኝ። የአባቷ ዓይን ቢጫ ከሆነ ስድስት ሳምንት አልፏል። ጎረቤቱ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ወደ አንድ መድኃኒተኛ ላካቸው። ሲመለሱ ባሰባቸው። በመጨረሻ ሲቲ ስካን ተነሡና ቆሽታቸው ላይ ዕጢ እንዳለ ታወቀ። ያወቁት ግን ልጆቻቸው ናቸው። አባትየው «ትንሽ የሐሞት ጠጠር ነው» ተብለዋል። አሁን ቀዶ ሐኪሙ «ራሳቸውን አምጧቸው፤ ከእሳቸው ጋር ሳልነጋገር ቀን አልቆርጥም» አለ። «ምን እናድርግ? ቢነግራቸው በድንጋጤ ይሞቱብናል» አለችኝ።

በስልክ የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እኔንም አላረካኝም። እኛም ቤት ይኸው ነገር ደርሶ ነበርና የዛሬውን ዓምድ ለእሷ ልስጠው። ነገሩ ስለ ጉበት፣ ስለ ቆሽትና ስለ ሐሞት ቱቦ ነው፤ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ስለሚሠራ ቀዶ ሐኪምም ነው። ከሁሉም በላይ ግን ስለ ቤተሰብ ነው።

በአሰብ መንገድ የኖሩ ሰው

አጎቴ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሱ ሰው ነበሩ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ አሰብ የተመላለሱ፣ የጣርማ በርን ቁልቁለት እንደ ግቢያቸው የሚያውቁ ሹፌር። እኛ ልጆቹ «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ጡረታ ሲወጡ ደብረ ብርሃን ተቀመጡ። 64 ዓመታቸው ነበር፤ ጤነኛ ነበሩ፤ ሐኪም ቤት የሚያውቁት ሰው ለመጠየቅ ሲሄዱ ነው።

አንድ ዓመት፣ ገና ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ሕመም የለም። ትኩሳት የለም። የምግብ ፍላጎታቸው ብቻ ቀነሰ፤ ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሱ። «ጾሙ ነው የጎዳኝ» አሉ። ሰፈሩ ግን ቶሎ ፈረደ፦ የወፍ በሽታ። መድኃኒቱም፣ መድኃኒተኛውም የታወቀ ነው። አንድ ሳምንት ተኩል ሥር እየተቀጠቀጠ ጠጡ። በመሀል ማሳከክ ጀመራቸው። ባለቤታቸው ኋላ እንደነገሩን፣ ሌሊት ሌሊት እየተነሡ ጀርባቸውን በበሩ መቃን ላይ ሲያሹ ያድሩ ነበር።

ሌላም ምልክት ነበረ፤ ለማንም ያልነገሩት። ሽንታቸው እንደ ወፍራም ሻይ ጠቁሯል። ሰገራቸው ደግሞ እንደ ኖራ ነጥቷል። ይህን ያወቅነው ከአምስት ሳምንት በኋላ ሐኪም ሲጠይቃቸው ነው። እንኳን ለልጅ ለሚስትስ ማን ስለ ሰገራው ቀለም ያወራል? ነገር ግን ቤተሰብ ይህን ቢያውቅ ያን አምስት ሳምንት ባላጠፋን ነበር።

የወፍ መድኃኒት ለምን ይታመናል?

መድኃኒተኛውን ለመስደብ አይደለም ይህን የምጽፈው። የወፍ መድኃኒት ዝና ያገኘበት ምክንያት አለው። ዓይን ቢጫ ከሚያደርጉት በሽታዎች ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው በቫይረስ የሚመጣ የጉበት ብግነት ነው። ከእነዚህም በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ኤ፣ በተለይ በልጆች ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይድናል። ሥር የጠጣውም ይድናል፤ ውኃ ብቻ የጠጣውም ይድናል። ምስጋናው ግን ለሥሩ ይሄዳል። እንዲህ እያለ ከአስር ሰው ስምንቱን «ያዳነ» መድኃኒት ማን ይጠራጠረዋል?

ችግሩ ቢጫነት አንድ በሽታ አለመሆኑ ነው። ምልክት ነው። የመኪና መብራት ሲበራ ዘይት አልቆ ሊሆን ይችላል፣ ባትሪ ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ መብራቱን ጨርቅ ስላለበስነው ግን የሞተሩ ነገር አይቀየርም። አንዱ ቢጫነት ጉበቱ ራሱ ታሞ የሚመጣ ነው። ሌላው ጉበቱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሐሞቱ መውጫ ሲደፈን የሚመጣ ነው። ሁለተኛው የቀዶ ሐኪም ጉዳይ ነው፤ በራሱ አይከፈትም።

ጸበልን በተመለከተም አንድ ቃል ልበል። ጸበል የሚከለክል ሐኪም እኔ አላጋጠመኝም። የሚጎዳው «አንዱን ስጨርስ ወደ ሌላው እሄዳለሁ» ማለቱ ነው። ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ፤ ጊዜ ግን ቆሞ አይጠብቅም።

ሦስት ጎረቤቶች፣ አንድ ቧንቧ

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች እነዚህን የሰውነት ክፍሎች የምናነሣቸው ሲከፋን ነው። ስንናደድ ቆሽታችን ያራል። ስንፈራ ሐሞታችን ይፈሳል። ፈሪውን ሐሞተ ቢስ እንለዋለን። ጉበትን ደግሞ በዱለት እናውቀዋለን። የት እንዳሉና ምን እንደሚሠሩ ግን ትምህርት ቤት ጥለነው የመጣን ብዙ ነን።

ጉበት በቀኝ ጎናችን ከጎድን አጥንት ሥር የተቀመጠ፣ በአዋቂ ሰው 1 ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን ትልቅ ፋብሪካ ነው። በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ያመርታል። ሐሞቱ በቱቦ ወርዶ ከፊሉ በሐሞት ከረጢት ይጠራቀማል፤ ቅባት ስንበላ ከረጢቱ ይጨመቅና ወደ አንጀት ይለቀዋል። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ለስላሳ አካል ነው። ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ያመነጫል፤ የደም ስኳርን የሚያስተካክለውን ኢንሱሊንም የሚሠራው እሱ ነው።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው፦ የሐሞት ቱቦው ወደ አንጀት ከመድረሱ በፊት በቆሽት ራስ ውስጥ ሰንጥቆ ያልፋል። የሐሞቱና የቆሽቱ መውጫ አብዛኛውን ጊዜ አንድ በር ነው። ስለዚህ በዚያች ጠባብ ቦታ ጠጠር ቢወድቅ፣ ወስፋት ከአንጀት ወደ ላይ ተስቦ ቢገባ ወይም የቆሽት ራስ ላይ ዕጢ ቢበቅል ሐሞቱ መውጫ ያጣል። ሐሞት ውስጥ ያለው ቢጫ ቀለም ወደ ደም ይመለሳል። ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉ፤ በኩላሊት በኩል ሲወጣ ሽንት ያጠቁራል፤ ወደ አንጀት ስላልደረሰ ሰገራ ይነጣል፤ ቆዳም ያሳክካል። የጋሼ ሰውነት አምስት ሳምንት ሙሉ ይህንኑ ሲናገር ነበር።

«እንዳይነግሯቸው»

በደብረ ብርሃን አልትራሳውንድ ተነሡ። ቱቦው ሰፍቷል፤ ከረጢቱ ተወጥሯል። ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። ሲቲ ስካኑ የቆሽቱ ራስ ላይ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ዕጢ አሳየ። ወረቀቱን ያነበበው የበኩር ልጃቸው ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሰበሰበን። ድምፅ ሰጠን ማለት ይቻላል። «ለጋሼ አይነገርም።» ከተስማሙት አንዷ እኔ ነኝ። ዓምድ የምጽፍ፣ ስለ ጤና የምመክር ሰው፣ እጄን አነሣሁ።

የጉበት፣ የቆሽትና የሐሞት ቱቦ ቀዶ ሐኪሟ ገና ወጣት ናቸው። እነዚህ ሐኪሞች ሕክምና ከጨረሱ በኋላ ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ይማራሉ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ዓመታት ጨምረው ይህንኑ አንድ ቦታ ብቻ ያጠናሉ። በአገራችን ቁጥራቸው ከሚያስፈልገው በጣም ያንሳል። ወረፋው ረጅም ነበር። ስንገባ ጋሼን ውጭ ትተን ልጃቸውና እኔ ቀደምን።

«ዶክተር፣ እባክዎ ካንሰር የሚለውን ቃል እንዳያነሡባቸው። ጠጠር ነው ይበሏቸው» አለ የአጎቴ ልጅ።

ዶክተሯ ፊልሙን ከመብራቱ ላይ አወረዱና አዩን። አልተቆጡም። «እኔ የአባታችሁን ሆድ ከፍቼ ስድስት ሰዓት ያህል ልሠራ ነው። ሲነቁ ሦስት ቱቦ ከሆዳቸው ወጥቶ ያገኙታል። ለጠጠር ይህን ሁሉ? ያን ቀን እኔንም እናንተንም ማመን ያቆማሉ። ደግሞ ሆዱ የእሳቸው ነው፤ መፈረም ያለባቸው እሳቸው ናቸው» አሉ። ከዚያም ቀጠሉ፦ «እኔ ቃሉን አልወረውርባቸውም። እጠይቃቸዋለሁ። ማወቅ ካልፈለጉም ይነግሩኛል።»

ጋሼ ገቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ምርመራዎን ሁሉ አይቼዋለሁ። ስለ በሽታው ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ሁሉን ልንገርዎ? ወይስ ለልጆችዎ ነግሬ እነሱ ይወስኑ?»

ጋሼ እኛን ዞር ብለው አዩን። ፊታችን ሁሉን ተናግሮ ነበር መሰለኝ።

«ልጄ፣ እኔ 30 ዓመት ጣርማ በርን ወጥቼ ወርጃለሁ። ረዳቴ ፍሬኑ እንደማይዝ እያወቀ ‹ጋሼ እንዳይደነግጡ› ብሎ ዝም ቢለኝ ኖሮ ዛሬ አንቺ ፊት አልቀመጥም ነበር። ንገሪኝ። ማርሹን የምቀይረው እኔ ነኝ» አሉ።

ዶክተሯ ከላቦራቶሪ ወረቀት ጀርባ ላይ ሥዕል ሣሉ። ጉበት፣ ከረጢት፣ ቱቦ፣ ቆሽት፣ አንጀት። ቱቦው የሚያልፍበት ላይ ጥቁር ነጥብ አደረጉ። «ይህ ዕጢ ነው። ክፉ ዓይነት ዕጢ ነው፤ ካንሰር ነው ብለን ነው የምናስበው» አሉ። ጋሼ ወረቀቱን አንሥተው ዓይናቸው አጠገብ አደረጉት። «የነዳጅ መስመሩን ተጭኖታል ማለት ነው» አሉ። «ልክ ነዎት።» «ይነቀላል?» «በምርመራው እስከማየው ድረስ ይነቀላል። ሆድዎን ከፍቼ ወደ ጉበት ተሰራጭቶ ካገኘሁት ግን አልነቅለውም፤ ሐሞቱ የሚያልፍበትን መንገድ ብቻ ሠርቼ እዘጋለሁ።»

የፈራነው ድንጋጤ አልመጣም። ዝምታ ነበር፤ ረጅም ዝምታ። ከዚያ ጋሼ «ስንት ሰው ደም ይሰጣል?» ብለው ጠየቁ።

ይህ ቀዶ ሕክምና ምንድን ነው?

ይህ የሕክምና ዘርፍ ዕድሜው ያን ያህል ረጅም አይደለም። የሐሞት ከረጢትን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ሆድ አውጥቶ ያዳነው ጀርመናዊው ካርል ላንገንቡክ ነው፤ በርሊን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1882። ያኔ ብዙዎች ሰው ያለ ሐሞት ከረጢት አይኖርም ብለው ያስቡ ነበር። ዛሬ ይህ በትናንሽ ቀዳዳ በካሜራ እየታየ የሚሠራ፣ ብዙ ታካሚዎች በአንድና ሁለት ቀን ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ሥራ ሆኗል። በነገራችን ላይ ከረጢቱ የወጣለት ሰው ሐሞተ ቢስ አይሆንም፤ የወጣው ማጠራቀሚያው እንጂ ፋብሪካው አይደለም። ሐሞቱ ከጉበት በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል።

የጋሼ ቀዶ ሕክምና ግን ከዚያ እጅግ የከበደ ነው። በአሜሪካዊው ሐኪም በአለን ዊፕል ስም «ዊፕል» ይባላል፤ እሱ ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ከእሱ በፊትም ጀርመናዊው ቫልተር ካውሽ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል። የቆሽት ራስ፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢቱና የቱቦው ታችኛ ክፍል አብረው ይወጣሉ፤ አንዳንዴ የጨጓራው ጫፍም ይጨመራል። ከዚያ የቀረው ቆሽት፣ የቀረው ቱቦና ጨጓራው ሦስቱም እንደገና ከአንጀት ጋር ይሰፋሉ። አስቸጋሪው የቆሽቱ ስፌት ነው። ቆሽት እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው፤ ፈሳሹ ደግሞ ሥጋ የሚፈጭ ነው። ስፌቱ ካፈሰሰ አደጋ ነው።

ዊፕል በተሠራላቸው ሰዎች ላይ እስከ 1970ዎቹ ድረስ የነበረው ሞት ከባድ ነበር፤ በብዙ ቦታ ከአራት ሰው አንዱ ያህል ከሆስፒታል አይወጣም ነበር። ዛሬ ይህን ሥራ አዘውትረው በሚሠሩ ታላላቅ ማዕከላት ከመቶ ሰው የሚሞተው ከአምስት ያነሰ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ቢላዋው ብቻ አይደለም። ተደጋግሞ መሠራቱ፣ የማደንዘዣና የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ መሻሻል፣ ችግር ሲመጣ ቶሎ መታወቁ ነው። ስለዚህ የአጎቴ ሴት ልጅ ዶክተሯን «ይህን ስንት ጊዜ ሠርተዋል?» ብላ ስትጠይቅ ወንድሟ በክርኑ ጎሸማት፤ ነውር መሰለው። ዶክተሯ ግን ቁጥሩን ነገሯት፤ ከሠሩላቸው ውስጥ ስንቱን እንዳጡም ጨምረው ነገሯት። ጥያቄው ነውር አይደለም። በትሕትና ከተጠየቀ ጥሩ ሐኪም አይቀየምበትም።

የቆሽት ካንሰር ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል ዕጢው ሊወጣላቸው የሚችለው ከመቶ 15 ወይም 20 ያህሉ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ሲደርሱ ተሰራጭቷል። ለእነሱም ቢሆን ሕክምና አለ፤ በአፍ በሚገባ ካሜራ ቱቦው ውስጥ ማስፋፊያ ማስገባት፣ ማሳከኩን ማስቆም፣ ሕመሙን ማስታገስ። ዕጢው ከወጣላቸው መካከልም አምስት ዓመት የሚሻገሩት ከአምስቱ አንዱ ያህል ናቸው። ይህን የምጽፈው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ጋሼም ይህንኑ ቁጥር ሰምተዋል፤ ሰምተው ነው «ይሠራ» ያሉት።

መዘግየት የገጠሬና የድሃ ብቻ አይደለም። የአፕል ኩባንያ መሥራች ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2003 ቆሽቱ ላይ ዕጢ ተገኘበት። የእሱ ዓይነት ከጋሼው የተለየ፣ በዝግታ የሚያድግና ሊወጣ የሚችል ነበር። በዓለም ላይ ያለ ሐኪም ሁሉ ደጁ ላይ ሳለ ሆዱ እንዲከፈት አልፈቀደም፤ ዘጠኝ ወር ያህል በምግብና በዕፅዋት ሞከረ። የተሠራለት በ2004 ነው። በ2009 ጉበት ተቀየረለት፤ በ2011 በ56 ዓመቱ ሞተ። ቀድሞ ቢሠራለት ይድን ነበር ወይ የሚለውን ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም። የጋሼም አምስት ሳምንት ምን ያህል እንደጎዳቸው ዶክተሯን ጠይቀናቸው ነበር። «እሱን ትተን ከዛሬ እንጀምር» ነው ያሉን።

ሁለት ዓመት ከአራት ወር

ቀዶ ሕክምናው ሰባት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ዶክተሯ ሲወጡ ጫማቸው ላይ ደም ነበር። «ወጥቷል» አሉን። ጋሼ 16 ቀን ተኙ፤ በመሀል ትኩሳት ተነሥቶባቸው ሁለት ሌሊት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ቤት ሲመለሱ የምግብ ነገር ተቀየረ፤ በትንሽ በትንሹ በቀን ስድስት ጊዜ። ስኳር ጀመራቸው፤ የተቆረጠው ቆሽት ያው ኢንሱሊን የሚሠራው ቆሽት ነውና። ከዚያ ኬሞቴራፒ ተከተለ። ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽም።

ጋሼ ግን ጊዜያቸው በቁጥር መሆኑን ያውቁ ነበር፤ እንደሚያውቅ ሰው ኖሩበት። የቤቱን ካርታ አስተካከሉ። ለድሮ ረዳታቸው የነበረባቸውን ዕዳ ከፈሉ። የልጅ ልጃቸውን ክርስትና አነሡ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለመጻፍ አባቴን አስፈቅጃለሁ። አባቴና ጋሼ ወንድማማች ሆነው ሳለ በአያቴ ርስት ምክንያት 9 ዓመት አይነጋገሩም ነበር። ለቅሶ ላይ እንኳ በተለያየ ድንኳን ነበር የሚቀመጡት። ቀዶ ሕክምናው ሊሠራ አራት ቀን ሲቀረው ጋሼ እኛ ቤት መጡ። አባቴ በሩን ከፈተ። ጋሼ «ልሞት እችላለሁ ተብያለሁ፤ ጣጣችንን እንጨርስ» አሉት። ሁለቱም በረንዳው ላይ እስኪመሽ ተቀመጡ። ምን እንደተባባሉ ዛሬም አላውቅም። በቀዶ ሕክምናው ቀን ደም ከሰጡት ሰዎች አንዱ ግን አባቴ ነበር።

እኔ እጄን አንሥቼ ያጸደቅሁት ውሸት ቢሳካ ኖሮ ያ ምሽት አይኖርም ነበር። ጋሼ ለጠጠር ብለው የዘጠኝ ዓመት ኩርፊያ አይፈቱም።

በሁለት ዓመት ከአራት ወራቸው በሽታው ጉበታቸው ላይ ተመለሰ። ዶክተሯ እንደገና ጠየቋቸው፤ እንደገና መለሱ። ሁለተኛ ሆድ አልተከፈተም። ደብረ ብርሃን፣ ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ ነው ያረፉት።

ለቤታችን የሚሆን

ከዚህ ሁሉ ለየቤታችን የሚጠቅመውን ላስቀምጥ።

ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ በተለይ ሽንት ጠቁሮ ሰገራ ከነጣና ቆዳ ካሳከከ፣ አልትራሳውንድ ወዳለበት ሐኪም ቤት በዚያው ሳምንት መሄድ ነው። ሕመም የለም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ያለ ሕመም የሚመጣ ቢጫነት ዕድሜው በገፋ ሰው ላይ ይበልጥ ያሠጋል። ቢጫነት ከኃይለኛ ትኩሳት፣ ከማንቀጥቀጥና ከቀኝ ጎን ሕመም ጋር ከመጣ ደግሞ የሳምንት ሳይሆን የዚያው ዕለት ጉዳይ ነው፤ የተደፈነው ቱቦ መግል ይዟል ማለት ሊሆን ይችላል።

ሁሉም የላይኛው ሆድ ሕመም ጨጓራ አይደለም። ከፋሲካ ዶሮ ወጥና ክትፎ በኋላ ሌሊት በቀኝ ጎን ከጎድን ሥር ቀስፎ የሚይዝ፣ ወደ ትከሻ የሚወጣ ሕመም የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል። በሴቶች ላይ፣ በተለይ በወለዱና ከአርባ ባለፉ ላይ፣ ይበዛል። ብዙ ሰው ጠጠር ይዞ ምንም ሳይሰማው ይኖራል፤ ለዚያ ሆድ አይከፈትም። ሕመም እየመጣ ለዓመታት ከፋርማሲ የጨጓራ ክኒን እየገዙ መዋጥ ግን ጠጠሩን ወደ ቱቦው የመውረጃ ጊዜ መስጠት ነው። ጠጠር ቆሽትንም ሊያስቆጣ ይችላል፤ አረቄና ሌላ መጠጥ የሚያበዛ ሰውም በዚሁ በቆሽት ብግነት ሊያዝ ይችላል።

ለበዓል በግ ሲታረድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ፊኛ ታያላችሁ። ልማዱ ቆርጦ ለውሻ መጣል ነው። እባካችሁ አትጣሉ። በውስጡ የውሻ ትል ዘር አለ። ውሻው በልቶ ትሉን ያሳድጋል፤ እንቁላሉን በኩሱ ይጥላል፤ ልጅ ከውሻው ጋር ተጫውቶ እጁን ሳይታጠብ ይበላል። ከዓመታት በኋላ ያ ውኃ የቋጠረ ፊኛ በልጁ ጉበት ውስጥ ይገኛል። እነዚሁ ቀዶ ሐኪሞች ከሚሠሩት አንዱ ይህ ነው። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ለዓመታት ጉበት ውስጥ ተደብቆ የጉበት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ክትባቱ በአገራችን ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሕፃናት ከሚሰጠው መደበኛ ክትባት ጋር ነው፤ ቀጠሮ አታሳልፉ። ከዚያ በፊት የተወለድን ደግሞ አንድ ጊዜ ብንመረመር አይከፋም። የሻገተ ኦቾሎኒና እህልም ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ «ይታጠባል» አይባልም፤ ይጣላል።

ለደወለችልኝ እህት

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። አባትሽ በድንጋጤ ይሞታሉ ብለሽ ፈርተሻል። እኔም ፈርቼ ነበር። ነገር ግን ሰውየው ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲበሱ፣ ልጆቻቸው ኮሪደር ላይ ሲንሾካሾኩ፣ ከውጭ አገር ያለው ልጅ ድንገት ሲደውል አይገባቸውም ብለሽ ነው? ብዙ ጊዜ ታማሚው ያውቃል፤ ልጆቹ እንዳይደነግጡ ብሎ አለማወቁን ያስመስላል። ሁለት ወገን ሆናችሁ ትደባበቃላችሁ፤ ለመነጋገር የቀረው ጊዜ ደግሞ በዚያ መሀል ያልፋል።

ሁሉን ንገሯቸው አልልሽም። ሁሉም ሰው ጋሼ አይደለም። «ለልጄ ንገሩት፤ እኔ አልፈልግም» የሚሉ አሉ፤ እሱም መብታቸው ነው። ግን እንዲህ ማለት ያለባቸው እሳቸው ናቸው፤ እናንተ ልትሉላቸው አትችሉም። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ እንዳለው አባትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። አስቀድመሽ ስለ አመላቸው፣ ስለሚያስፈራቸው ነገር ለሐኪሙ ንገሪው። ከዚያ ይጠይቃቸው። አንቺ አጠገባቸው ቁጭ በይ፤ እጃቸውን ያዢ። ሲጠየቁ ወደ አንቺ ቢዞሩ ፊትሽን አታዙሪ።

እንዴት እንደሆነ ደውለሽ ንገሪኝ። እኔም ስልኬን እጠብቃለሁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።